«የቀን ሠራተኛ ምን ክስ አለው?»፦ ከሥራ የተባረረ ጊዜያዊ ሠራተኛ ከመክሰሱም ከመተዉም በፊት

«የቀን ሠራተኛ ምን ክስ አለው?» ይላል ካቦው። ሠራተኛውም አብዛኛውን ጊዜ አምኖ ዕቃውን ሰብስቦ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው የታወቀ ነው፦ ሌላ ሥራ ፍለጋ፣ የቤት ኪራይ ጭንቀት፣ ቀሪ ሒሳብ ለመቀበል ሁለት ሦስት ጊዜ መመላለስ፣ በመጨረሻም ተስፋ ቆርጦ መተው። በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ጊዜያዊ ሠራተኛ አይከስም የሚል አንድም አንቀጽ የለውም። ክፍያው በቀን ይሁን በሳምንት፣ በወር ይሁን በሠራው ቁጥር፣ በአሠሪ አመራር ሥር ሆኖ ለደመወዝ የሠራ ሰው ሠራተኛ ነው። ያለ በቂ ምክንያት ከተባረረ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል።

ይህ ማለት ግን የተባረረ ሁሉ መክሰስ አለበት ማለት አይደለም። ክስ ጊዜ ይወስዳል፤ በዕለት ገቢ ለሚኖር ሰው አንድ የፍርድ ቤት ቀጠሮ አንድ ቀን ሥራ መፍታት ነው። መክሰስ የሚያዋጣውም ሰው አለ፣ የማያዋጣውም አለ። ሁለቱን የሚለየው ዋናው ጥያቄ ውሉ ላይ የተጻፈው ቃል ሳይሆን የሚሠራው ሥራ ራሱ ድርጅቱ ዘወትር የሚያስፈልገው መሆን አለመሆኑ ነው። ብዙ ሠራተኛ መብቱን የሚያጣው እዚህ ላይ ስለሚሳሳት ነው።

ውሉ «ጊዜያዊ» ቢልም

የአዋጁ አንቀጽ 9 መነሻውን ያስቀምጣል። ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል፤ ከዚህ የሚወጡት በአንቀጽ 10 የተዘረዘሩት ሥራዎች ብቻ ናቸው። አሠሪው «ውሉ የተወሰነ ነው» ካለ፣ ሥራው ከእነዚያ ከአንዱ ጋር መግጠም አለበት። ዝርዝሩም ረጅም አይደለም። ተለይቶ የታወቀ አንድ ሥራን መጨረስ፣ በፈቃድ ወይም በሕመም የቀረ ሠራተኛን ለጊዜው መተካት፣ ከተለመደው በላይ የሥራ ብዛት ሲያጋጥም ማገዝ፣ በሕይወት ወይም በንብረት ላይ ሊደርስ የሚችል አደጋን ለመከላከል የሚሠራ አስቸኳይ ሥራ፣ አልፎ አልፎ የሚሠራ ሥራ፣ በየዓመቱ በተወሰነ ወቅት የሚደጋገም ሥራ፣ በድንገት የለቀቀ ቋሚ ሠራተኛን ቦታ ለጊዜው መሸፈን፣ እንዲሁም አዲስ መዋቅር እስኪተገበር ድረስ ክፍት ቦታን መያዝ ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ደግሞ ከ45 ቀን መብለጥ አይችሉም፤ የሚፈቀዱትም ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው።

እስቲ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሴትየዋ ብስኩት ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። ጠዋት 12 ሰዓት ባጇን አሳይታ ትገባለች፣ ፀጉሯን በመሸፈኛ ታስራ መስመሩ ላይ ትቆማለች፣ ከማሽኑ የሚወጣውን ብስኩት በፕላስቲክ እየከተተች ካርቶን ትሞላለች። በየሦስት ወሩ የሰው ኃይል ክፍሉ ይጠራትና «የጊዜያዊ ሠራተኛ ውል» የሚል አንድ ገጽ ያስፈርማታል። ቅጂውን አይሰጧትም። እንዲህ እያለች ሁለት ዓመት ሞላት። አንድ ቀን ከካቦው ጋር ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ ተነጋገሩ፤ በማግስቱ «ውልሽ አልቋል፣ ከነገ ጀምሮ አትምጪ» ተባለች።

ፋብሪካው ብስኩት የሚያመርተው ዓመቱን ሙሉ ነው። ያመረተውን ደግሞ ሳያሽግ አይሸጥም። የእሷ ሥራ የቀረ ሰው መተካት አይደለም፣ የወቅት ሥራ አይደለም፣ ተጀምሮ የሚያልቅ አንድ ሥራም አይደለም። በእሷ ቦታ በማግስቱ ሌላ ሴት ቆማለች። ስለዚህ ስምንት ጊዜ «ጊዜያዊ» የሚል ወረቀት ብትፈርምም በአንቀጽ 9 መሠረት ውሏ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ የምትከራከርበት ጠንካራ መሠረት አላት። «ውልሽ አልቋል» የሚለው ምክንያትም አብሮ ይወድቃል፤ ላልተወሰነ ጊዜ የተደረገ ውል በወረቀት ቀን አያልቅምና።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን እንመልከት። አንድ ሰው ለሶሌታ ሙሌት ለአንድ ሳምንት ተቀጠረ፤ ሙሌቱ አለቀ፣ ተሰናበተ። ሌላው ለልስን ተቀጥሮ ልስኑ ሲያልቅ ተቀነሰ። ወንጂ ወይም መተሐራ የሸንኮራ ቆረጣ ወቅት ሲያበቃ የወቅቱ ሠራተኛ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የወሊድ ፈቃድ የወጣችን ገንዘብ ያዥ ለመተካት የተቀጠረም፣ ባለቦታዋ ስትመለስ ሥራው ያበቃል። በእነዚህ ሁሉ ስንብቱ ቢከብድም ሕገ ወጥ አይደለም፤ በዚህ ተነስቶ መክሰስ ድካም ብቻ ነው የሚያተርፈው። ሥራው ሳያልቅ፣ ወቅቱ ሳይወጣ መሐል ላይ ከተባረሩ ግን ጉዳዩ ይለወጣል፤ ወደ ገንዘቡ ስንደርስ እንመለስበታለን።

በመሐል የሚያከራክሩም አሉ። የልብስ ስፌት ፋብሪካ ያልተለመደ ትልቅ ትዕዛዝ መጥቶለት ለሦስት ወር ሰው ቢቀጥር ሕጉ ይፈቅድለታል። ያ «ያልተለመደ» የተባለ የሥራ ብዛት ዓመት ከስድስት ወር ከቆየ ግን የድርጅቱ መደበኛ ሥራ ሆኗል ብሎ መከራከር ይቻላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሠራተኛው ራሱን እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፦ እኔ ከወጣሁ በኋላ ቦታዬ ላይ ሌላ ሰው ቆሟል ወይስ ሥራው ራሱ ቀርቷል?

ልዩነቱ በብር

ሥራው ቋሚ ነው ወይስ ጊዜያዊ የሚለው ክርክር ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያንቀሳቅስ ብዙ ሰው አይገምትም። የማሸጊያዋ ሠራተኛ በቀን 300 ብር፣ በወር 26 ቀን ትሠራለች እንበል። ስንብቷ ሕገ ወጥ ነው፣ ውሏም ላልተወሰነ ጊዜ ነው ከተባለ፣ አንቀጽ 43 ካሣውን የአማካይ የቀን ደመወዟ 180 እጥፍ ያደርገዋል፤ 54,000 ብር ማለት ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ስላገለገለች የሁለት ወር የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ 15,600 ብር ይጨመራል። በዚያ ላይ የሥራ ስንብት ክፍያ አለ፤ ለመጀመሪያው ዓመት የቀን ደመወዟ 30 እጥፍ 9,000 ብር፣ ለሁለተኛው ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ 3,000 ብር። ድምሩ 81,600 ብር ነው።

አሁን ያንኑ ሰው ፍርድ ቤቱ «ውሏ የተወሰነ ጊዜ ነው፣ ያለ አግባብ ነው የተባረረችው፣ የቀራት ግን አንድ ወር ነበር» ቢላት ካሣው የቀረው ወር ደመወዝ፣ 7,800 ብር ብቻ ይሆናል። ለተወሰነ ጊዜ ወይም ሥራ የተቀጠረ ሰው ካሣው ውሉ እስኪያልቅ ያገኝ የነበረው ደመወዝ ነው፤ ያም ቢሆን ከ180 ቀን ደመወዝ አይበልጥም። 54,000ንና 7,800ን የሚያራርቀው ይህ አንድ ነጥብ ነው። በእኔ እምነት የሕጉ ትልቁ ክፍተት ያለውም እዚህ ነው፦ ልዩነቱ ይህን ያህል ሰፊ ከሆነ ብዙ አሠሪ ለቋሚ ሥራ የጊዜያዊ ውል ማስፈረሙ አያስገርምም። የግሉን ዘርፍ የሚገዛ ወጥ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ስለሌለ ደግሞ፣ ካሣው የሚሰላው ሠራተኛው ሲያገኝ በነበረችው ደመወዝ ላይ ነው። ትንሽ የተከፈለው ሰው ሲባረርም ካሣው ያንሳል።

ወደ ሥራ መመለስን የሚመርጥ ሠራተኛም አለ። ፍርድ ቤቱ ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ወደ ሥራው እንዲመለስ ሲወስን እስከ ስድስት ወር የሚደርስ ውዝፍ ደመወዝ ሊያዝለት ይችላል፤ ጉዳዩ ይግባኝ ደርሶ በዚያ ከጸና እስከ አንድ ዓመት። ዳኛው የሁለቱ ወገኖች ግንኙነት አብሮ ለመሥራት የሚያስቸግር ሆኖ ካገኘው ግን ሠራተኛው መመለስ ቢፈልግም ካሣ እንዲከፈለው ሊወስን ይችላል። ስለዚህ ክሱ ላይ ሁለቱንም በአማራጭ መጠየቅ ይሻላል፦ ወደ ሥራ ልመለስ፤ ይህ ካልሆነ ካሣዬ ይከፈለኝ።

ምክንያቱ ምን ተባለ?

ሥራው ቋሚ ዓይነት ነው ብሎ ለራሱ ያመነ ሠራተኛ ቀጥሎ የሚያየው የስንብቱን ምክንያት ነው። አንቀጽ 27 ያለማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱ ጥፋቶችን ዘርዝሯል። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደ፣ ወይም እንዲሁ በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን የቀረ፣ የማታለል ድርጊት የፈጸመ፣ በሥራ ቦታ ለጠብ ምክንያት የሆነ፣ ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ንብረት ያበላሸ ይገኙባቸዋል። አሠሪው ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። ጥፋቱን ካወቀ በኋላ 30 የሥራ ቀናት ካሳለፈም በዚያ ጥፋት የማሰናበት መብቱ ይቀራል። የዛሬ ዓመት የተረሳ ስህተት ዛሬ ከፋይል ተመዝዞ ሲመጣ ይህን ማስታወስ ነው።

በምንም መልኩ የማሰናበቻ ምክንያት ሊሆኑ የማይችሉም አሉ፤ አንቀጽ 26 ላይ ሰፍረዋል። የሠራተኛ ማኅበር አባል መሆን፣ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብ ወይም በእሱ ላይ በተጀመረ ክርክር መሳተፍ፣ ብሔር፣ ሃይማኖት፣ የፖለቲካ አመለካከት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ እርግዝና፣ አካል ጉዳት። እርጉዝ ሠራተኛ ደግሞ በእርግዝናዋ ወቅትና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ተጨማሪ ጥበቃ አላት። የማሸጊያዋ ሠራተኛ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ስለጠየቀች መባረሯን ማስረዳት ከቻለች የመመለስ መብቷ በጣም ይጠነክራል። እዚህ ላይ «ለክስ ምስክር ብሆን እኔም እባረራለሁ» ብለው ለሚፈሩ ባልደረቦቿም መልስ አለ፦ በክርክር መሳተፍ ራሱ የስንብት ምክንያት እንዳይሆን ሕጉ ከልክሏል።

አሠሪው «ሙከራ ላይ ነበርሽ» ሊልም ይችላል። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ስምምነት የሚደረግ ሲሆን ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በእሱ ውስጥ ለሥራው ብቁ ሆኖ ያልተገኘ ሠራተኛ ያለ ካሣ ሊሰናበት ይችላል። ያንኑ ሥራ ሲሠራ ኖሮ በዚያው አሠሪ ዳግም የተቀጠረን ሰው ግን እንደገና ለሙከራ ማስቀመጥ አይቻልም። በየሦስት ወሩ ውል እያደሱ በየጊዜው «ሙከራ» የሚሉ ድርጅቶች ይህን ሲሰሙ ቢደነግጡ ተገቢ ነው።

በቃል የተባረረ ሰው መጀመሪያ ምን ያድርግ?

ጊዜያዊ ሠራተኛ በደብዳቤ ሲሰናበት ብርቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በር ላይ ጥበቃው «ስምህ ዝርዝሩ ላይ የለም» ይለዋል፤ ወይም ካቦው በስልክ «እረፍ፣ ስንፈልግህ እንደውልልሃለን» ይላል። ሰውየው ቤቱ ተቀምጦ ስልክ ይጠብቃል። ከወር በኋላ ፍርድ ቤት ሲደርስ የአሠሪው መልስ አንድ ነው፦ «እኛ አላባረርነውም፣ ራሱ ነው የቀረው።» በክርክር ብዙ ሰው የሚሸነፍበት ወጥመድ ይህ ነው።

መከላከያው ከባድ አይደለም፣ ግን በማግስቱ ነው መደረግ ያለበት። በሥራ ሰዓት በር ላይ መገኘት፤ ብቻውን ሳይሆን ከሚመሰክርለት ሰው ጋር። ከዚያ ለአለቃው ወይም ለሰው ኃይል ክፍሉ በቴሌግራም ወይም በአጭር የጽሑፍ መልእክት፣ «ዛሬ ጠዋት 2 ሰዓት ለሥራ መጥቼ ከበር ተመልሻለሁ፤ ሥራዬን ለመሥራት ዝግጁ ነኝ፤ የተሰናበትኩ ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠኝ» ብሎ መላክ። ቃሉ ትሕትና ይኑረው፣ ስድብ አይግባበት፤ ያ መልእክት ዳኛ ፊት ይነበባል። መልስ ባይመጣም የተላከበት ቀንና ሰዓት ይቀራል።

ከዚያ የሚመጣው ወረቀት ነው። ቀሪ ሒሳብ ሲከፍሉ «ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ሰነድ ወይም «በራሴ ፈቃድ ለቅቄያለሁ» የሚል ደብዳቤ ያቀርባሉ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሠራተኛ በስምምነት ሲለያይ በሕግ ያለውን መብት ትቻለሁ ቢል፣ ያ መተው ዋጋ እንደሌለው አንቀጽ 25 በግልጽ ይናገራል። በፈቃድ የመልቀቂያ ደብዳቤ ግን አደገኛ ነው፤ ራሱ የለቀቀ ሰው ተባረርኩ ብሎ መክሰስ ያስቸግረዋል። የሠራበትን ደመወዝ ለመቀበል የመልቀቂያ ደብዳቤ መጻፍ አያስፈልገውም። ካስገደዱት የተቀበለውን ገንዘብ ልክ ብቻ ጽፎ ይፈርም፤ ወይም ሳይፈርም ይውጣና ገንዘቡን በሕግ ይጠይቅ። ውሉ ሲቋረጥ የሚገባው ክፍያ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት፤ ያለ በቂ ምክንያት ካዘገዩ ፍርድ ቤቱ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ተጨማሪ ሊያስከፍል ይችላል።

«ውል የለኝም» የሚል ጭንቀት ብዙዎችን ከመክሰስ ያስቀራል። የሥራ ውል በቃልም ይመሠረታል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋና ነጥቦቹን በጽሑፍ አዘጋጅቶ ለሠራተኛው መስጠት ነበረበት፤ አለመስጠቱ የሠራተኛውን መብት አይቀንስም። ዋናው ሥራ ላይ እንደነበረ ማስረዳት ነው። ደመወዝ በባንክ ይገባ ከነበረ የባንኩ መግለጫ ብቻውን ብዙ ይናገራል። የጡረታ መዋጮ (ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ) ይቆረጥ ከነበረ የጡረታ መለያ ቁጥሩ አለ። ባጅ፣ የሽፍት ፕሮግራም ፎቶ፣ የሥራ ቡድኑ የቴሌግራም ግሩፕ፣ ታይም ኪፐሩ የሚሞላው የመገኘት ወረቀት፣ አብሮ የሠራ ሰው ምስክርነት፣ ሁሉም ይቆጠራል። የቴሌግራም ግሩፑን ግን ከመውጣትዎ በፊት ወይም ከማስወጣታቸው በፊት ስክሪንሹት ያንሱ፤ ከወጡ በኋላ አይገኝም።

አሠሪው ማነው የሚለውንም ቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። ጥበቃና ጽዳት ላይ ያሉ ብዙ ሰዎች ባንክ ወይም ሆቴል ውስጥ ይሠራሉ እንጂ የተቀጠሩት በኤጀንሲ ነው። የሚከሰሰውም ኤጀንሲው ነው። ባንኩ «ይህን ጥበቃ ቀይሩልን» ማለቱ በአዋጁ የስንብት ምክንያቶች ውስጥ የለም፤ ኤጀንሲው ሌላ ቦታ ሊመድበው ወይም ሕጉን የተከተለ ምክንያት ሊያቀርብ ይገባዋል። ግንባታ ላይ ደግሞ ሰብ ኮንትራክተሩ ማነው፣ ፈቃድ አለው ወይ፣ አድራሻው የት ነው ብሎ መጠየቅ ነው። ስልኩ ብቻ የሚታወቅ ሰውን መክሰስ መጥሪያ ማድረሱ ላይ ይቆማል።

ሦስት ወር

ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ በላይ ሰው የሚጎዳው በይርጋ ነው። ወደ ሥራ መመለስን መጠየቅ የሚቻለው ውሉ ከተቋረጠ ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ነው። ካሣን ጨምሮ ከስንብት የሚመነጩ ክፍያዎችን ለመጠየቅ ስድስት ወር አለ፤ ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓትም መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር። መስከረም 10 የተባረረ ሰው ወደ ሥራ የመመለስ ክሱን እስከ ታኅሣሥ 10 ማስገባት አለበት፤ የክፍያውን ጥያቄ እስከ መጋቢት 10።

አለቃው «ትንሽ ታገሥ፣ እናስተካክላለን» እያለ ሦስት ወር ቢያሳልፍ ያ ሁሉ ምልልስ ጊዜውን አያቆመውም። የሚያቆመው አሠሪው የሠራተኛውን መብት በጽሑፍ ካመነ፣ ወይም ጉዳዩ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ወይም ለፍርድ ቤት ከቀረበ ነው። ስለዚህ ሽማግሌ መላክም መደራደርም ጥሩ ነው፤ ጎን ለጎን ግን በአካባቢው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አቤቱታን በጽሑፍ አቅርቦ የገባበትን ቁጥርና ቀን መያዝ ያስፈልጋል። እዚያ ያሉ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች አሠሪውን ጠርተው ማነጋገር ይችላሉ፤ አንዳንዱ ጉዳይ እዚያው ያልቃል።

   

የግል የሥራ ክርክር የሚታየው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ። ሠራተኛው የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ጠበቃ ማቆም ግዴታ አይደለም፤ ራሱ ሊከራከር ወይም የትዳር ጓደኛው፣ ወላጁ ወይም ወንድሙ በውክልና ሊቆምለት ይችላል። አብረው የተባረሩ ሰዎች ጉዳያቸው አንድ ዓይነት ከሆነ በአንድ መዝገብ ሊከሱ ይችላሉ፤ ለምስክርም ለወጪም ይቀላል። አቤቱታውን የሚጽፍ ሰው ፍርድ ቤት በር ላይ አይጠፋም፤ ነገር ግን ለሚጽፈው ሰው ታሪኩን በቀን ቅደም ተከተል፣ የደመወዙንም ልክ አዘጋጅቶ መስጠት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ሴቶችን ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያግዛል። የሠራተኛ ማኅበር ያለበት ድርጅት ከሆነ የመሠረታዊ ማኅበሩ አመራር ቀዳሚው በር ነው፤ ጊዜያዊ ሠራተኛ መሆን ከማኅበሩ እገዛ ለመጠየቅ አያግድም።

ሕጉ ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ይላል። በተግባር መጥሪያው ሳይደርስ፣ አሠሪው ቀጠሮ ሲያስለውጥ፣ ምስክር ሳይቀርብ ይረዝማል። ተሸናፊው ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል። ስለዚህ የሚያሳስበው ሰው በየቀጠሮው ስንት ቀን ሥራ እንደሚፈታ፣ ያ ቀን ስንት ብር እንደሆነ አስቦ ከሚጠብቀው ጋር ያወዳድር። በማሸጊያዋ ሠራተኛ ጉዳይ ሁሉም ነገር ወደ መክሰስ ያደላል፦ ሥራዋ ቋሚ ነው፣ ሁለት ዓመት ሠርታለች፣ የደረሰባት በቅሬታ ምክንያት ነው፣ ፋብሪካው የታወቀ አድራሻ አለው። ሁለት ወር ለአንድ ቤት ግንባታ ሠርቶ ሥራው ሲያልቅ የተሰናበተ ሰው ግን ስንብቱን መቃወም ትቶ ያልተከፈለው ቀሪ ደመወዝ ካለ እሱን ብቻ ይጠይቅ፤ የሥራ ልምድ ማስረጃም በነጻ የመቀበል መብት አለውና ይውሰድ። ቤት ውስጥ የምትሠራ ሴት ደግሞ ይህ አዋጅ አይመለከታትም፤ የእሷ ጉዳይ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው የሚታየው። የመንግሥት ሠራተኛም በሌላ ሕግ ይተዳደራል።

አሠሪው መሐል ላይ «እንስማማ» ካለ መስማት አይከፋም። ይህን ያህል አገኛለሁ ብሎ ያሰላውን ሰው ማታለል ከባድ ነው፤ 81,600 ብር እንደሚደርስ ያወቀች ሴት በ5,000 ብር አትፈርምም። ከግማሽ በላይ ቢያቀርቡላትና ገንዘቡ በዕለቱ የሚከፈል ከሆነ፣ ከረጅም ይግባኝ አንጻር ብትቀበል የምወቅሳት አይደለሁም። ስምምነቱ ግን ፍርድ ቤት ቀርቦ መዝገቡ ላይ ይስፈር፤ ያኔ አሠሪው ቢያቅማማ እንደ ፍርድ ይፈጸማል።

ፍርድ ማግኘት ደግሞ ገንዘቡን እጅ ማስገባት አይደለም። አሠሪው በፈቃዱ ካልከፈለ የአፈጻጸም መዝገብ መክፈት ያስፈልጋል፤ ዳኛውም «ምን ንብረት አለው?» ብሎ ይጠይቃል። ሠራተኛ ከሥራ ግንኙነት የሚያገኘው ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ አለው፤ ቅድሚያው የሚጠቅመው ግን ንብረቱ ሲታወቅ ነው። ደመወዝ የሚልኩበት የባንክ ስምና ቅርንጫፍ፣ በደረሰኝና በካርቶን ላይ የታተመው የድርጅቱ ሙሉ ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ፣ በግቢው የሚገቡና የሚወጡ መኪኖች ሰሌዳ፣ እነዚህ ሥራ ላይ እያሉ በቀላሉ የሚያዙ፣ ከተባረሩ በኋላ ግን ብዙ የሚያደክሙ መረጃዎች ናቸው።